ኒባራን ለአማቹ ያቀረበው አሣ

እኔ ኒባራን ሃልዳርን ስቆጣው የኖርኩ ሰው ነኝ። ባሌ የአጎቱ ልጅ ነው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው፤ እሱንም ፍየሌ በልታ ልትጨርሰው ምንም አልቀራት። ተድሬ እዚህ ሐይቅ ዳር ስመጣ እሱ ንፍጡን በእጁ የሚጠርግ ልጅ ነበር። አሁን ጢሙ ሸብቶም "ቦውዲ" ነው የሚለኝ፤ የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። ስለዚህ ክፉውንም ደጉንም ብናገርለት መብቴ ነው። ሌላ ሰው አፉን ሲከፍትበት ግን አልወድም።

ሥራው አሣ ማጥመድ ነው። አባቱም አያቱም ከዚሁ ሐይቅ ነው የኖሩት፣ እዚሁ ሐይቅ ላይ ነው የሞቱት። ሰው የሚያውቀው ግን በልጆቹ ነው። የወለዳቸውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ የወለደው አንዲት ማሎቲን ብቻ ነው። የመንደሩን ልጆች ማለቴ ነው። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቦርሳቸውን በየበረንዳው ወርውረው ሩጫቸው ወደ እሱ ነው። እያንዳንዳቸው ዘንግ አላቸው፤ ቀርከሃውን ራሳቸው የቆረጡት፣ በእሳት ራሳቸው ያቀኑት። እሱ ሠርቶ አይሰጥም። ጎባጣ ዘንግ ይዞ የመጣ ልጅ ጎባጣውን ይዞ ይቀመጣል፣ በቃ።

እኛ ሴቶቹ መጀመሪያ አጉረምርመን ነበር። ልጅ ወደ ትምህርት እንጂ ወደ ጭቃ ይላካል እንዴ ብለን። በኋላ ግን የልጅ ልጄን የፑንቲን ነገር ሳይ ዝም አልኩ። ፑንቲ ከተወለደች ጀምሮ አፏ አርፎ አያውቅም። ጸጉሯን ሳበጥርላት ጩኸቷ ማዶ ድረስ ይሰማል። ያቺ ልጅ አንድ ክረምት ከእሱ ጋር ከርማ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተተበተበ ክር ስትፈታ አየኋት፤ ከቀትር እስከ ማታ፣ ቃል ሳይወጣት። "በምላጭ ቁረጪውና ተገላገይ" አልኳት። "ካካ አይፈቅድም" አለችኝ። ካካ የሚሉት እሱን ነው፣ አጎቴ እንደ ማለት። "የቋጠርኩት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ነኝ" አለችና ቀጠለች።

እንዲህ ነበር የሚያስተምራቸው፤ ሲያስተምር ግን የሚያስተምር አይመስልም። ትልቅ አሣ የያዘ ባዶ እጁን የቀረው ፊት አይፎክርም፤ ባዶ እጁን የቀረውም አያኮርፍም። ያላደገውን አሣ ይመልሱታል፣ ያውም እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ቀስ ብለው። ከሁሉም በላይ የሚያጠብቀው ግን የሾልን ነገር ነበር።

ሾል ረጅምና ጥቁር፣ ጭንቅላቱ የእባብ የሚመስል አሣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ ይፈለፍላል። ልጆቹ ቀያይ ናቸው፤ አንድ ላይ ተሰብስበው ውሃው ላይ ሲርመሰመሱ የተደፋ ምስር ይመስላሉ። ወላጆቹ ከሥር ከሥር ይዞራሉ፤ እህል እንኳ አይቀምሱም። በዚያ ሰሞን ሾል መያዝ ምንም አያስቸግርም። ነፍስ ያላትን እንቁራሪት መንጠቆ ላይ ሰክቶ ልጆቹ መሃል ጣል ማድረግ ብቻ ነው። ሾሉ ወዲያው ይነክሳል። ርቦት አይደለም፤ ከልጆቹ ላይ ሊያባርራት ነው።

ኒባራን ይህን ለልጆቹ ሲነግር ድምፁ ይለወጣል። "እንዲህ የሚያደርግ ሰው አጥማጅ አይባልም" ይላቸዋል። "ሌባ እንኳ ሰው እስኪተኛ ይጠብቃል። ይሄ የሚሰርቀው የወላጅን ሆድ ነው።" ሕጉም የታወቀ ነበር። ሾልን ከነልጆቿ ያጠመደ ልጅ ዘንጉ በሁሉም ፊት ይሰበራል፤ ክረምቱን ሙሉ ከእነሱ ጋር አይቀመጥም። እስከ አምና ድረስ የማንም ዘንግ ተሰብሮ አያውቅም።

አምና ማሎቲን ዳራት። ባሏ አሚዮ ይባላል፤ ከተማ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ለስለስ ያለ ልጅ ነው፤ እሱስ ምንም አይወጣለትም። ዘመዶቹ ናቸው ጉዶቹ። ሠርጉ በደረቁ ወራት ስለነበር ሐይቁ ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ኒባራንም ሌላ አማራጭ ስላልነበረው በመኪና ከሩቅ አገር የሚመጣውን የበረዶ አሣ ገዝቶ ደገሰ። የአሚዮ አክስት ጣቷን እየላሰች፣ "የአሣ አጥማጅ ልጅ አገባን ብለን ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን የራሳችንን ገበያ አሣ በላን" አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ የያዝኩትን ጭልፋ እንዴት እንዳልወረወርኩባት እስከ አሁን ይገርመኛል።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን በባሏ ቤት አሣ በተሠራ ቁጥር "ማሎቲ፣ ይሄ የአባትሽ ሐይቅ ነው ወይስ በረዶ ነው?" እያሉ የሚስቁባት ሆኑ። ልጅቷ ለእናቷ ለሳራላ በስልክ እያለቀሰች ትነግራት ነበር።

ከዚያ የሾሽቲ ቀን ደረሰ። ሾሽቲ ልጆችን የምትጠብቅ አምላክ ናት፤ በእሷ ቀን አማች ይጠራል፣ የሚስቱ እናት በእጇ ታበላዋለች። ለአሚዮ የመጀመሪያው ነበር። ማሎቲ ለአባቷ ደወለችለት። እኔ አጠገቡ መረብ ላይ የተያዘ አረም እየነቀልኩ ነበርና ድምፅዋን ሰምቼዋለሁ።

"ባባ፣ ሌላ ምንም አልልህም። ልብስም አልፈልግም። ሳህኑ ላይ ከሐይቃችን የወጣ አንድ ትልቅ አሣ ይሁን። እዚያ ቤት ስመለስ ቀና ብዬ ልግባ።"

"እሺ እናቴ" አላት። ስልኩን ዘግቶ ወደ ታንኳው ወረደ።

ሳምንቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ዋለ። መረብ ጣለ፣ መንጠቆ ደረደረ፣ እስከ ማዶ ቀዘፈ። ዝናቡ ገና መጀመሩ ስለነበር የሚወጣለት ጥፍር የምታክል አሣ ብቻ ነበረች። "ከገበያ ግዛና ከሐይቁ ነው በል፣ ማን ያውቃል?" አልኩት። "የበረዶ አሣ አፍ ውስጥ ያስታውቃል ቦውዲ" አለኝ። አልዋሸም፣ ያስታውቃል።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ ከግቢያችን በታች ሸምበቆው ውስጥ ከነልጆቿ የምትዞር ሾል አግኝተው ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሥራቸው እሷን መጠበቅ ሆነ። ነጫጭ ወፎች ሲወርዱ በድንጋይና በጩኸት ያባርራሉ። ፑንቲ እንደ ልማዷ በየደጁ ትፎክር ነበር። "ልጆቿ ያድጉና ያቺን ሾል የማወጣት እኔ ነኝ። ካካ ራሱ ያጨበጭብልኛል" ስትል ያልሰማ ሰው የለም።

አሁን የምናገረውን እሱ ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። በበዓሉ ቀን ሳይነጋ ተነስቶ የመጨረሻውን መንጠቆ ሊያይ ወጣ። ባዶ ነበር። ሲመለስ በሸምበቆው በኩል መጣና ቀዩን ነገር ውሃው ላይ አየው። ታንኳዋን አቆመ። "ማሎቲ በማግሥቱ በዚያ በር ስትገባ ታየችኝ" አለኝ። "ሁሉም ነገር አፌ ላይ ነበር፣ ለልጆቹ የምነግራቸው ሁሉ። እጄ ግን እንቁራሪት እየፈለገ ነበር።" እንቁራሪቷ ውሃውን ስትነካ ሾሏ ያዘች። ልጆቿ ታንኳውን እየዞሩ ተከተሉት አለኝ።

እኛ ዘንድ ሲገባ፣ "ከማዶ የመጣ አንድ ሰው ሸጠልኝ" አለ። እኔና ሳራላ በደስታ ልንሞት ነበር። ቢላዋ ያነሳሁት እኔ ነኝ። "ትልቅስ ትልቅ ናት፣ ግን ከስታለች፤ ሆዷ ውስጥ ምንም የለም" አልኩ። ቀና ስል ኒባራን የለም፤ ወጥቷል። በጥሬ ማንጎ፣ በእርድና በሰናፍጭ ዘይት ሠራናት፤ ሽታዋ መንደሩን ሞላው።

ማሎቲና አሚዮ በሰዓታቸው ደረሱ። ሳራላ የአማቿን ግንባር በእርጎ ነካች፣ ቢጫ ክር እጁ ላይ አሰረች፣ ማራገቢያውን ውሃ ነክራ አራገበችለት። ከዚያ ሳህኑ ቀረበ። ወጉ አማች ብቻውን እንዲበላ ነው፤ አሚዮ ግን "እርስዎ ካልተቀመጡ አልበላም" ብሎ ኒባራንን በግድ አስቀመጠው። አንድ ጉርሻ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"አባባ፣ እንዲህ ያለ አሣ በልቼ አላውቅም። ይሄ ከዚህ ሐይቅ ነው?"

"ከዚህ ሐይቅ ነው" አለ ኒባራን።

"እንግዲህ አክስቴ ትስማ" አለና ሳቀ። ማሎቲ የሳሪ ቀሚሷን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ልጅቷ ከተዳረች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ኒባራንም ያንን አየ፣ በላም።

እንዲህ እያለን ነው ልጆቹ ግቢው ውስጥ የገቡት። ፑንቲን መሃል አድርገዋታል። እስከ ደረቷ ርሳለች፣ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ትንሹ ቦልቱ፣ ገና አምስት ዓመቱ ነው፣ ሳግ ይዞት ያለቅሳል። ከሁሉም ትልቁ ጎጎን የፑንቲን ዘንግ ይዞ ወደፊት ወጣ።

"ካካ፣ ሾሏ ተወስዳለች።"

ኒባራን እጁን ከሳህኑ ላይ አላነሳም።

"ልጆቿ ተበትነዋል። ወፎቹ እየለቀሟቸው ነው" አለ ጎጎን። "ስንደርስ ማንም አልነበረም፣ እሷ ብቻ። ገና በጠዋት ውሃው ውስጥ ቆማ አገኘናት፤ እስከ አሁን ወፎቹን ስናባርር ነበር። ምን ትሠሪያለሽ ስንላት አትመልስም። ማን ወሰዳት ስንላት አትመልስም። እኔ ነኝ የማወጣት ስትል ደግሞ ሁላችንም ሰምተናታል።"

"ፑንቲ" አልኩ ከምድጃው ተነስቼ፣ "አፍሽን ምን ዘጋው? ተናገሪ እንጂ።"

የልጅ ልጄ አላየችኝም። የሾሉን ሳህን አየች፣ ማሎቲን አየች፣ ከዚያ ኒባራንን አየች። "የምናገረው የለኝም" አለች።

"አንቺ ነሽ የወሰድሻት?" አላት ጎጎን።

"የምናገረው የለኝም አልኩህ። ደንቆሮ ነህ?"

ጎጎን ዘንጉን ወደ ኒባራን ዘረጋ። "ሕጉ ያንተ ነው ካካ።"

አሚዮ ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ፈገግ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። "አባትሽ እንዴት ያለ ሥርዓት ነው ያስተማራቸው! የከተማ ልጆች ይህን ቢያገኙ ምን ነበረበት" አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር።

እኔ ኒባራን ይምራታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። "ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ እናየዋለን" ቢል ማንም ምንም አይለውም ነበር። ተነሳ። እጁን እንኳ አልታጠበም፤ ጣቶቹ ላይ እርዱና ዘይቱ እንዳለ ዘንጉን ተቀበለ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረው። ሁለቱን ቁራጭ መሬት ላይ አኖረና ተመልሶ ተቀመጠ። ፑንቲ አላለቀሰችም። ዞር ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቤታችን ገባች፤ ልጆቹም መንገድ ለቀቁላት፣ ማንም እንዳትነካው እየሸሸ።

ከዚያ በኋላ የበዓሉ ነገር ለእኔ አፈር ሆነ። ቤት ሄጄ ልብሷን ቀየርኩላት፣ ደጋግሜ ጠየቅኳት፤ ወይ ፍንክች። የእኔ ዘር ሾል ሰራቂ ይባል? ጎረቤት ፊት እንዴት እወጣለሁ ስል ነው ቀኑ የመሸው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ኒባራን በአጥሩ ቀዳዳ መጣ። ቁጭ በል አልኩት፣ አልተቀመጠም።

"ቦውዲ፣ እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ መሆንህንማ አየሁ። ምን ፈለግህ?"

"ሾሏን የወሰድኳት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ እንዲያው ከአፌ የቀረ ነገር አልነበረም። አባቱን ሳይቀር ከሙታን ጠርቼ ሰደብኩ። የሕፃን ልጅ ዘንግ፣ በሰው ፊት፣ በዚያ እጅ! እሱ ቆሞ ሰማ። ትንፋሼ ሲያልቅ ፑንቲ በሩ ላይ ቆማ አየኋት።

"አያቴ፣ አትጩሂ፣ ማሎቲ ዲዲ ትሰማለች" አለችኝ። ዲዲ ታላቅ እህት ማለት ነው።

ኒባራን ዘወር አለላት። "ፑንቲ፣ ሾሏን . . ."

"አውቃለሁ። አይቼሃለሁ" አለችው። "ወፎቹ በጠዋት ነው የሚመጡት ብዬ ቀድሜ ሄጄ ሸምበቆው ውስጥ ነበርኩ።"

የበሩን ምሰሶ ያዘ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ሲሰድቡሽ፣ ዘንግሽን ሳነሳ . . . ለምን አንድ ቃል አልተናገርሽም?"

"አማችህ እየበላ ነበራ" አለች፣ ይህን እንዴት አያውቅም በሚል ድምፅ። "ማሎቲ ዲዲም እየሳቀች ነበር። እዚያ ብናገር እንዴት አድርጋ ትመለሳለች? እኔ ዘንግ ሌላ እቆርጣለሁ።"

ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ለእሱ አፈርኩለት። እንደዚያ ላለ ሰው ማፈር ከመቆጣት የባሰ ነው።

ፑንቲ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። "ካካ፣ ለማንም እንዳትናገር" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጆቹ ካወቁ ሁለተኛ አይመጡልህም። የእኔን ይረሱታል፤ ለክረምቱ ብቻ ነው።"

ያለችው እውነት ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ማሎቲ ቀና ብላ ትገባለች፣ ልጆቹም ይመጡለታል፣ ፑንቲ አንድ ክረምት ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ከዚያ ይረሳል። ሁሉንም ነገር የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስተካክላለት ነበር። እሱ ተነስቶ ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ዝም የሚል መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ማሎቲና አሚዮ ሊሄዱ ተዘጋጅተው በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። ኒባራን በየቤቱ እየዞረ ልጆቹን ሰበሰበ። እኔ ጋ ሲደርስ ፑንቲን እጇን ይዞ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ቆሙ፤ ከፑንቲ ራቅ ብለው።

"ሾሏን የወሰዳት ፑንቲ አይደለችም" አላቸው። "እኔ ነኝ። በእንቁራሪት ነው የያዝኳት፣ ልጆቿ መሃል ጥዬ። ትናንት ስትመጡ እየበላን የነበረው እሷን ነው።"

ማሎቲ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አሚዮ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሳራላ ወደ ቤት ገባች።

"ፑንቲ አይታኝ ነበር፣ ሸፈነችልኝ። እኔ ደግሞ ሰበርኩባት" አለ። የራሱን ዘንግ ከጣሪያው ሥር አውርዶ ወደ ጎጎን ዘረጋው። "ሕጉን ታውቀዋለህ።"

ጎጎን እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ኒባራን ወደሚቀጥለው ልጅ ዘረጋ፤ ያም አልተቀበለውም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ያፈሩት ለማን እንደሆነ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። ፑንቲ ብቻ ቀጥ ብላ ታየዋለች፣ ተቆጥታ፣ ምክሯን አልሰማ ስላለ። ዘንጉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ትንሹ ቦልቱ ወጣና እግሩ ሥር መጣ። የዘንጉ ነገር ገና አይገባውም። ቀና ብሎ አየው።

"ካካ፣ ይጣፍጥ ነበር?"

ሁላችንም ሰማነው። ማሎቲም ሰማችው። ኒባራን ልጁ ፊት ቁጢጥ አለ፤ አሁንስ አፉን ሞልቶ "አይ፣ አልበላሁም" ቢለው ብዬ በልቤ ለመንኩ።

"ይጣፍጥ ነበር" አለው። "ሁለት ጊዜ አስጨምሬ ነው የበላሁት።"